ስም ማጥፋት በልዩ ልዩ የሕግ ሥርዓቶች፦ ስለ ክብር ትርጉምና ስለ ማስረዳት ሸክም

የሰው ልጅ በማኅበር ሲኖር ከአካሉና ከሀብቱ ሌላ ሊጎዳበት የሚችል አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ስሙ ነው። ስምን ለመጠበቅ አንዳች ሕግ ወይም ልማድ የሌለው ሕዝብ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ መቼ ደረሰ እንደሚባል፥ ካሣውም ምን ሊሆን እንደሚገባ ሲጠየቅ የሕግ ሥርዓቶች መልስ እጅግ ይለያያል። በአማርኛ «ስም ማጥፋት» የሚለው አንድ ሐረግ የእንግሊዞቹን «ላይብል»ና «ስላንደር»፥ የፈረንሳዮቹን «ዲፋማሲዮን»፥ አንዳንድ ጊዜም የጀርመኖቹን «በላይዲጉንግ»ና የሮማውያኑን «ኢንዩሪያ» ሳይቀር ለመተርጐም ይሠራበታል። እነዚህ ቃላት ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ታሪክና የተለየ ውጤት አላቸው። በአንዱ አገር ፍርድ ቤት የተሰጠውን ፍርድ ወስዶ በሌላው አገር ሕግ ላይ ለመጫን የሚሞክር ሰው፥ ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ብቻ ነገሩም አንድ መስሎት ይሳሳታል።

ልዩነቱን ለመመርመር የሚረዳው ዋና ጥያቄ የሚከተለው ነው። በሰው ላይ የተነገረው ክፉ ቃል እውነት ይሁን ሐሰት ሊረጋገጥ ባይቻል፥ የዚህን እርግጠኛ ያለመሆን ዕዳ የሚሸከመው ማን ነው? የተናገረው ነው ወይስ የተነገረበት? እያንዳንዱ ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፥ ክብርን፥ ዝናንና የአደባባይ ንግግርን በምን ሚዛን እንደሚመዝን ያሳያል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር የተጠቀሰባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የኢትዮጵያ ሕጎች የወጡባቸው ዓመታት ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

፩፤ የሮማውያን ሕግ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ የተደነገጉት አሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ቀላል የሆነ የማዋረድ በደል የፈጸመ ሰው 25 አስ የመዳብ ገንዘብ እንዲከፍል ያዙ ነበር። ዘመን አልፎ ገንዘቡ ዋጋ ባጣ ጊዜ ቅጣቱ መሳለቂያ ሆነ። አውሉስ ጌሊዩስ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ ሉክዩስ ቬራቲዩስ የሚባል ባለጸጋ በመንገድ ያገኘውን ሰው በጥፊ እየመታ፥ ቦርሳ ይዞ የሚከተለው ባሪያው ለተመታው ሰው ወዲያውኑ 25 አስ እንዲቈጥርለት ያደርግ ነበር። ፕሬቶር የተባሉት ሹማምንት በዚህ ምክንያት የተወሰነውን ዋጋ ትተው፥ ካሣው እንደ በደሉ ክብደት የሚገመትበትን የ«ኢንዩሪያ» ክስ አቋቋሙ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ጥፊና ስድብ በአንድ ክስ ሥር መቆማቸው ነው። በሮማውያን አስተሳሰብ ሕጉ የሚጠብቀው የሰውዬውን ክብር ነው፤ ክብሩም በእጅም በአፍም ሊደፈር ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ባይሰማም፥ ለተበዳዩ ብቻ የተነገረ ስድብ በደል ሆኖ ይቈጠራል። በዚያው አንጻር ተናጋሪው የማዋረድ ፈቃድ ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ሳያስበው ሰውን ያስቀየመ ሰው በዚህ ክስ አይያዝም። ስለ እውነት ነገር ደግሞ፥ ዩልዩስ ጳውሎስ የተባለው የሕግ ሊቅ፥ የጥፋተኞች ጥፋት መታወቁ ተገቢም ጠቃሚም ስለ ሆነ በእውነት ያጠፋን ሰው ስም የገለጠ ሊፈረድበት አይገባም ሲል ጽፎአል። ይህ የሮማውያን ክስ በሆላንድ ሊቃውንት በኩል አልፎ በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቶች እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

፪፤ የእንግሊዝ ሕግ

በእንግሊዝ አገር ነገሩ የተጀመረው በቤተ ክርስቲያን ዳኝነት ነው። በ1222 ዓ.ም. በኦክስፎርድ የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ፥ በክፋት ተነሣሥቶ በሰው ላይ የወንጀል ስም የሚያወጣ ሰው እንዲወገዝ ወሰነ። ስም ማጥፋት ኃጢአት ስለ ነበረ መድኃኒቱም ንስሐ ነበር። የማተሚያ መኪና ከገባ በኋላ ግን መንግሥት የተጻፈውን ቃል መፍራት ጀመረ። «ስታር ቻምበር» ይባል የነበረው የንጉሡ ፍርድ ቤት በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጽሑፍ በእውነትም ቢመሠረት እንኳ ሰላምን የሚያደፈርስ ወንጀል መሆኑን ፈረደ። ይህ ፍርድ ቤት በ1641 ከፈረሰ በኋላ የተራው ሕግ ዳኞች ሁለቱንም ውርሶች ተረክበው አያያዙአቸው። በእንግሊዝ ሕግ ተጽፎ የሚኖረው «ላይብል»፥ በአፍ ተነግሮ የሚያልፈው «ስላንደር» ተብለው በሁለት የተከፈሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በጽሑፍ ስሙ የጠፋ ሰው በገንዘብ መጎዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው መክሰስ ሲችል፥ በአፍ የጠፋበት ሰው ግን በሕግ ከተለዩት ጥቂት ነገሮች በቀር የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ነበረበት። አገራችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እያለች የተነገረውን ቃል ስትፈራ፥ እንግሊዞች የተጻፈውን አብልጠው ፈርተዋል ማለት ይቻላል።

የእንግሊዝ ሕግ የሚጠብቀው ክብርን ሳይሆን ዝናን፥ ማለት ሰው በሌሎች ዘንድ ያለውን ግምት ነው። ስለዚህ ስድቡን ከባለቤቱ በቀር ማንም ካልሰማው ክስ የለም፤ በአንጻሩ ሌሎች ሰምተው ግምታቸው ከተለወጠ፥ ተናጋሪው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም ክስ አለ። የዚህ ዋና ምሳሌ በ1910 በላይኛው የሕግ ምክር ቤት የተፈረደው የሀልተንና የጆንስ ክርክር ነው። አንድ የእሑድ ጋዜጣ በዲየፕ ከተማ ስለሚዝናኑ እንግሊዛውያን የቀልድ ጽሑፍ ሲያወጣ «አርቴመስ ጆንስ» የሚል ስም ለገጸ ባሕርዩ ሰጠ። ይህ ስም በእርግጥ ያለው አንድ ጠበቃ ነበረና፥ የሚያውቁት ሰዎች ጽሑፉ ስለ እርሱ መስሎአቸው እንደ ነበር ስለ መሰከሩ 1,750 ፓውንድ ተፈረደለት። በ1929 የተፈረደው የካሲዲ ጉዳይም ይህንኑ ያጸናል። አንድ ጋዜጣ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ከአንዲት ሴት ጋር አውጥቶ መተጫጨታቸውን ሲገልጥ፥ የሰውዬው ሚስት ጎረቤቶቼ ያለ ጋብቻ የምኖር አድርገው ገመቱኝ ብላ ከሰሰች፤ ረታችም። በጽሑፉ ውስጥ ስሟ አልተነሣም ነበር። እንግሊዞች «ኢኑዌንዶ» የሚሉት ይህ ስውር ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ የሁሉ ሆኖ ወርቁ ነገሩን ለሚያውቁ ብቻ የሚገለጥበትን የቅኔ መንገድ ይመስላል። ዳኛውም እንደ ቅኔ ፈቺ፥ ወርቁን ማን ሊያገኘው እንደሚችል መመርመር አለበት።

የማስረዳት ሸክም በእንግሊዝ በተከሳሹ ላይ ነው። ስም የሚያጐድፍ ቃል ሐሰት ተብሎ ይገመታል፤ እውነትነቱን ማስረዳት የተናገረው ሰው ግዴታ ነው። በ2013 የወጣው ሕግ ከሳሹ በስሙ ላይ ብርቱ ጉዳት መድረሱን ወይም ሊደርስ መቻሉን እንዲያሳይ ጠየቀ፤ ለሕዝብ ጥቅም የታተመውንም በተለየ መከላከያ ጠበቀ። ይሁን እንጂ እውነትን የማስረዳቱን ሸክም ከተከሳሹ ላይ አላነሣም። ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑ ግን በ2009 በወጣ ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ቀርቷል።

፫፤ የፈረንሳይና የጀርመን ሕግ

በፈረንሳይ መሠረቱ ሐምሌ 29 ቀን 1881 ስለ ፕሬስ ነጻነት የወጣው ሕግ ነው። ይህ ሕግ ሁለት ነገር ይለያል። የተወሰነ ድርጊት ጠቅሶ የሰውን ክብር የሚጎዳ ቃል «ዲፋማሲዮን» ይባላል፤ ድርጊት ሳይጠቅስ የሚያዋርድ ቃል ደግሞ ስድብ ነው። ልዩነቱ ለማስረጃ ሲባል የተደረገ ነው፤ ድርጊት እውነት ወይም ሐሰት ሊባል ይችላል፥ ስድብ ግን አይችልም። ተከሳሹ እውነትነቱን ለማስረዳት ከፈለገ መጥሪያ በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ማስረጃውን ማስታወቅ አለበት። ከሳሹም እንዲሁ ይቸኵላል፤ በመሠረቱ ክሱ ጽሑፉ በወጣ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። እውነቱን ማስረዳት ያልቻለ ተከሳሽ ደግሞ በቅን ልቡና መጻፉን ሊያስረዳ ይችላል፤ ዳኞቹም ዓላማው ተገቢ መሆኑን፥ የግል ጥላቻ አለመኖሩን፥ በቂ ምርመራ መደረጉንና አነጋገሩ የተቈጠበ መሆኑን ይመዝናሉ።

የሕጉ ጠባይ በኤሚል ዞላ ጉዳይ በግልጥ ታይቷል። ዞላ ጥር 13 ቀን 1898 «ሎሮር» በተባለው ጋዜጣ ላይ ስለ ድሬይፉስ ጉዳይ ለሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት የጻፈው ግልጥ ደብዳቤ ሲወጣ፥ የጦር ሚኒስትሩ ከረጅሙ ጽሑፍ ጥቂት መስመሮችን ብቻ መርጦ አስከሰሰ። የተመረጡትም የጦር ፍርድ ቤት በትእዛዝ ሰው በነጻ ለቀቀ የሚሉት ነበሩ። በዚህ ዘዴ የድሬይፉስ ንጽሕና በችሎቱ እንዳይነሣ ተደረገ። ዞላ የካቲት 23 ቀን የአንድ ዓመት እሥራትና 3,000 ፍራንክ ተፈረደበት። ይህ ፍርድ በሚያዝያ በሰበር ቢሻርም፥ ምክንያቱ ክሱን ማቅረብ የነበረበት ተሰደብኩ ያለው የጦር ፍርድ ቤቱ ራሱ ነው የሚል የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነበር። ከዚህ እንደሚታየው፥ እውነትን ማስረዳት በሕግ ቢፈቀድም፥ የሚመረመረውን ቃል የሚመርጠው ከሳሽ ከሆነ መከላከያው ሊጠብብ ይችላል።

በጀርመን የ1871 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሦስት ደረጃ ያበጃል፤ 185ኛው አንቀጽ ማዋረድን፥ 186ኛው እውነትነቱ ያልተረጋገጠ ክፉ ወሬን፥ 187ኛው ሐሰትነቱ እየታወቀ የሚነገረውን ይቀጣል። የመጀመሪያው የሮማውያኑ «ኢንዩሪያ» ወራሽ ነው፤ ለባለቤቱ ብቻ የተነገረም ስድብ ያስቀጣል። በሁለተኛው አንቀጽ የእርግጠኛ ያለመሆን ዕዳ በግልጥ በተናጋሪው ላይ ተጭኗል። በ192ኛው አንቀጽ ደግሞ እውነት የሆነ ነገር እንኳ የተነገረበት መንገድ አዋራጅ ከሆነ ከቅጣት አያድንም።

ሹማምንትን በሚመለከት ሁለቱ አገሮች ጥበቃውን ያጠነክራሉ። በፈረንሳይ ተራ ሰውን ስም ያጠፋ እስከ 12,000 ኤውሮ ሲቀጣ፥ በሥራው ምክንያት ሹምን የነካ እስከ 45,000 ኤውሮ ይቀጣል። በጀርመንም 188ኛው አንቀጽ በፖለቲካ ሕይወት ያሉትን ሰዎች በተለየ ይጠብቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የአሜሪካ ሕግ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል።

፬፤ የአሜሪካ ሕግ

የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር የእንግሊዝን ሕግ ወርሰው ለብዙ ዘመን ሠርተውበታል። ለውጡ የመጣው ከጥቁሮች የእኩልነት ትግል ጋር ነው። መጋቢት 29 ቀን 1960 «ኒው ዮርክ ታይምስ» ለማርቲን ሉተር ኪንግ መከላከያ ገንዘብ የሚለምን ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው አንዳንድ ስሕተት ነበረበት፤ ለምሳሌ ኪንግ 4 ጊዜ የታሰረውን 7 ጊዜ ይል ነበር። የሞንትጎመሪ ከተማ ፖሊስን ይቈጣጠር የነበረው ሳሊቫን ስሙ ባይነሣም የተነካሁት እኔ ነኝ ብሎ ከሰሰ። ከዚያ ቀን ጋዜጣ ወደ 650,000 ከሚጠጋው ቅጂ በአላባማ የተሠራጨው 394 ያህል ብቻ ነበር። እንደ ጥንቱ ሕግ ቃሉ ሐሰት ተብሎ ስለ ተገመተ የአላባማ ፍርድ ቤት 500,000 ዶላር ፈረደለት። ይህ ፍርድ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ፥ በደቡብ ክፍላተ ሀገር የሚደረገውን ግፍ ለመዘገብ የሚደፍር ጋዜጣ ማግኘት በተቸገረ ነበር።

የበላዩ ፍርድ ቤት መጋቢት 9 ቀን 1964 ፍርዱን በአንድ ድምፅ ሻረ። ሹም የሆነ ከሳሽ ስለ ሥራው በተነገረ ሐሰት ካሣ የሚያገኘው፥ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ሐሰት ሳይል በግድየለሽነት መናገሩን ካስረዳ ብቻ ነው ተባለ። የፍርዱ ምክንያት፥ በነጻ ክርክር ውስጥ ስሕተት የማይቀር ስለ ሆነ ሰው ለእያንዳንዱ ስሕተት የሚከፍል ከሆነ እውነቱንም ከመናገር ይቈጠባል የሚል ነው። በ1986 ደግሞ፥ ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ከጋዜጣ ጋር የሚከራከር ተራ ሰው እንኳ የቃሉን ሐሰትነት ማስረዳት እንዳለበት ተፈረደ። ስለዚህ በአሜሪካ የእርግጠኛ ያለመሆን ዕዳ ወደ ተነገረበት ሰው ተሻግሯል።

የሁለቱ ሥርዓቶች ርቀት የታየው በአንድ መጽሐፍ ላይ ነው። አሜሪካዊቱ የታሪክ ሊቅ ዴቦራ ሊፕስታት በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ዴቪድ ኧርቪንግ የተባለውን ጸሐፊ የአይሁድን እልቂት የሚክድ ነው ብለው ነበር። ኧርቪንግ መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር ከታተመ በኋላ በ1996 በለንደን ከሰሰ። በአሜሪካ ቢሆን ማስረዳቱ የከሳሹ ዕዳ በሆነ ነበር፤ በለንደን ግን ሊፕስታትና አሳታሚያቸው ኧርቪንግ ማስረጃ ማጣመሙን ራሳቸው እንዲያስረዱ ተገደዱ። የታሪክ ሊቃውንት ብዙ ሰነድ መርምረው መስክረውላቸው ሚያዝያ 11 ቀን 2000 ረቱ። ከሳሾች ለእነርሱ የሚመቸውን አገር እየመረጡ መክሰሳቸው እያደር አሜሪካን ስላሳሰባት፥ በ2010 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከሕገ መንግሥቱ የንግግር ነጻነት ጋር የማይስማማ የውጭ አገር የስም ማጥፋት ፍርድ በአሜሪካ እንዳይፈጸም ከለከለ።

፭፤ ስለ መድኃኒቱና ስለ ሙታን

ስም በምን ይጠገናል ለሚለው ጥያቄም መልሱ ልዩ ልዩ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ በገንዘብ ይተምኑታል። ፈረንሳይ በ1881ዱ ሕግ በጋዜጣ ለተነሣ ሰው መልስ የማሳተም መብት ሰጠች። የጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ 723ኛ አንቀጽ ዳኛው ስምን የሚመልስ እርምጃ እንዲያዝዝ ይፈቅዳል፤ በዚህም መሠረት ተረቺው በጋዜጣ ይቅርታ እንዲጠይቅ ሊገደድ እንደሚችል የጃፓን የበላይ ፍርድ ቤት በ1956 ወስኗል። የደቡብ ኮሪያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በ1991 የግዴታ ይቅርታ የኅሊና ነጻነትን ይነካል ብሎ ከለከለ። በብዙ የኢትዮጵያ አገሮች በዳይ በሽማግሌዎች ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምንበት ልማድ ከእነዚህ ሁሉ ለጃፓኑ ይቀርባል።

ስለ ሙታንም እንዲሁ ልዩነት አለ። አማርኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ቢልም፥ የእንግሊዝ ሕግ ለሞተ ሰው ስም ክስ አይቀበልም። የፈረንሳይ ሕግ ክሱን የሚቀበለው ጸሐፊው በሕይወት ያሉትን ወራሾች ለመጉዳት ካሰበ ነው። ጀርመን ግን የሙታንን መታሰቢያ ማርከስን በ189ኛው አንቀጽ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋለች። ዝናን የሚጠብቅ ሕግ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ ክብርን የሚጠብቅ ግን መቃብሩን ይሻገራል።

፮፤ የኢትዮጵያ ሕግ አቋም

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ የብዙ ምንጮች መገናኛ ናት። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊሳዊው ዣን ግራቫን፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ረቂቁ የፈረንሳዊ ስለ ሆነ ሕጉም ፈረንሳዊ ነው ብሎ የሚገምት አንባቢ ከ2044ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለውን ሲመለከት ይደነቃል። ሰውን የተጠላ፥ የተናቀ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ቃል የሚለው ትርጓሜ የእንግሊዝ ዳኞች በ19ኛው መቶ ዓመት ይሠሩበት ከነበረው አነጋገር ጋር ይዛመዳል። ለኅላፊነት የመጉዳት ሐሳብ አያስፈልግም የሚለው 2045ኛው አንቀጽ የሀልተንና የጆንስን ፍርድ ያስታውሳል። የኅሊና ካሣን በሚመለከተው 2109ኛው አንቀጽ የተዘረዘሩትም፥ ወንጀል ሠርቷል፥ በሙያው አይታመንም፥ ተላላፊ በሽታ አለበት የሚሉትና የመሳሰሉት ክሶች፥ እንግሊዞች በአፍ ለተነገረ ቃል ያለ ጉዳት ማስረጃ ክስ የሚፈቅዱባቸውን ይመስላሉ።

2046ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ሕዝብ ጉዳይ አስተያየት የሰጠ ሰው፥ የተናገረው ሐሰት መሆኑን ያወቀ ካልሆነ በቀር አይጠየቅም ይላል። ይህ ሐሳብ የአሜሪካ የበላይ ፍርድ ቤት ከ4 ዓመት በኋላ በሳሊቫን ጉዳይ ላይ ከደረሰበት ጋር ጎረቤት ነው። የተወሰነ ድርጊት ጠቅሶ ለተናገረ ሰው ግን 2047ኛው አንቀጽ እውነትነቱን የማስረዳት ሸክም ይጭንበታል፤ ለመጉዳት ብቻ ተናግሮ እንደ ሆነም እውነቱ አያድነውም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ የዕዳው ተሸካሚ የሚታወቀው ቃሉ አስተያየት ነው ወይስ የድርጊት ክስ የሚለው አስቀድሞ ሲወሰን ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1986 በሊንገንስና በኦስትሪያ ክርክር ላይ፥ የቻንስለሩን ጠባይ ስለ ነቀፈ ጋዜጠኛ ሲፈርድ፥ ድርጊት ማስረጃ ሊቀርብበት ሲችል አስተያየት ግን ሊረጋገጥ ስለማይችል እውነትነቱን አስረዳ ማለት የማይቻል ሸክም መጫን ነው ያለው ይህንኑ ልዩነት በመያዝ ነው።

በመድኃኒቱም ረገድ ሕጉ የራሱን መንገድ ይዟል። የኅሊና ካሣ ለከሳሹ ወይም ከሳሹ ለሚመርጠው የበጎ አድራጎት ማኅበር ሊከፈል ይችላል፤ በ2116ኛው አንቀጽም ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ2049ኛው አንቀጽ ያለ ክፉ ሐሳብና ያለ ከባድ ቸልተኝነት ያሳተመ ሰው ቃሉን ወዲያው መልሶ ይቅርታ ከጠየቀ ይድናል። ነገር ግን የቬራቲዩስ ታሪክ እንደሚያስተምረው፥ በቍጥር የተወሰነ ካሣ የገንዘቡ ዋጋ ሲለወጥ ትርጉሙን ያጣል፤ በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር የነበረው ክብደት ዛሬ የለውም። በወንጀል በኩል ስም ማጥፋት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ 613ኛ አንቀጽም ቀጠለ፤ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸመውን ግን አዋጅ ቍጥር 1238/2013 ከወንጀልነት አውጥቶ ለፍትሐ ብሔር ክስ ተወው። ይህም የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት በ2014 በኮናቴና በቡርኪና ፋሶ ክርክር፥ ጋዜጠኛን በስም ማጥፋት ማሰር ከመብት ጋር አይስማማም ብሎ ከፈረደበት አቅጣጫ ጋር ይስማማል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው፥ የኢትዮጵያን ሕግ በአንድ የውጭ አገር ፍርድ ብቻ መተርጐም እንደማይቻል ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ ከየት እንደ መጣና ክብርን፥ ዝናን ወይስ የአደባባይ ንግግርን ለመጠበቅ እንደ ገባ መመርመር ያስፈልጋል። በተለይም የ2046ኛውና የ2047ኛው አንቀጾች ድንበር፥ ማለት ቃሉ አስተያየት ሆኖ ወይስ የድርጊት ክስ ሆኖ እንዲቈጠር፥ በዳኛው እጅ ነው። ዳኛው ድንበሩን ወዲህ ቢያመጣው ስለ ሹማምንት ሥራ የሚናገር ሰው ይጠፋል፤ ወዲያ ቢገፋው ደግሞ በሐሰት የተወራበት ሰው ስሙን የሚመልስበት ደጅ ያጣል።